ኪራይ የማትከፍለው ተከራይና የሙቀቷ ነገር

በጣና ሐይቅ ዳር ያለ ቤት ብዙውን ጊዜ ኪራይ የማትከፍል አንዲት ተከራይ አታጣም። ማታ መብራት ሲበራ ከጣራው ሥር ከስንጥቅ ብቅ ትልና በግድግዳው ላይ ተለጥፋ ትቆያለች፤ ትንኝ ባረፈ ጊዜ ግን እንደ ቀስት ተወርውራ ትጎርሰዋለች። ይህች የግድግዳ እንሽላሊት ናት፤ የውጭ አገር ሰዎች ጌኮ ይሏታል። መርዘኛ ናት እያለ በመጥረጊያ የሚያሳድዳት ሰው ብዙ ነው። በእውነቱ ከጌኮ ወገን መርዝ ያለው አንድም የለም። በመስተዋት ላይ እንኳ ሳትንሸራተት የምትሄደውም በሙጫ ሳይሆን፥ በጣቶቿ ሥር ባሉት ለዐይን በማይታዩ ረቂቅ ጠጕሮች ነው።

የዛሬው ነገሬ ግን ስለ እግሯ አይደለም። እዚህ በፋሲሎ አንዳንድ ተማሪዎች በጠርሙስ፥ አንዳንድ ወጣት የመንግሥት ሠራተኞችም በመስተዋት ሣጥን እያደረጉ ሊያሳድጓት ሲሞክሩ አያለሁ። እኔ ይህን አልነቅፍም፤ ሕያው ፍጥረትን በቅርብ መመልከት ከመጽሐፍ ሥዕል ይበልጥ ያስተምራልና። የሚያሳዝነው፥ አሳዳጊዎቹ ስለ ምግቧ ሲጨነቁ እርሷ በረኃብ ሳይሆን በሙቀት ወይም በብርድ መሞቷ ነው።

ምክንያቱን ለመረዳት ከራሳችን እንነሣ። እኛ የበላነውን እንጀራ በሰውነታችን ውስጥ እያነደድን፥ ውርጭም ይሁን ሐሩር፥ በ37 ዲግሪ ግድም እንኖራለን። እንሽላሊት ግን ይህ ምድጃ የላትም፤ ሙቀቷን ከፀሐይ፥ ከድንጋይ፥ ከግድግዳ ትበደራለች። ስለዚህም ነው ጥቂት ትንኝ በልታ ብዙ ቀን የምትሰነብተው። «ደመ ቀዝቃዛ» የሚለው ስም ግን ያሳስታል። ፀሐይ በሞቀች ጊዜ የእንሽላሊት ደም ከእኛ ደም ጋር ይተካከላል፤ አንዳንድ ጊዜም ይበልጣል።

በ1944 እ.ኤ.አ. ሬይመንድ ካውልስና ቻርልስ ቦገርት የሚባሉ ሁለት አሜሪካውያን ስለ በረሃ እንሽላሊቶችና እባቦች አንድ ጥናት አሳትመው ነበር። ከዚያ በፊት ብዙ ሰው የበረሃ እንሽላሊት ማናቸውንም ሙቀት ትችላለች ብሎ ያምን ነበር። እነርሱ ግን ጥላ እንዳታገኝ ተከልክላ በቀትር ፀሐይ ላይ የተያዘች እንደ ሆነ በጥቂት ደቂቃ እንደምትሞት አሳዩ። የምትድነው ሙቀቱን ችላ ሳይሆን፥ ከፀሐይ ወደ ጥላ፥ ከጥላ ወደ ፀሐይ እየተመላለሰች ነው።

የእኛም ቤት ለእርሷ እንዲህ ያለ አገር ነው። ቆርቆሮው በቀትር ይግላል፤ ሌሊት ደግሞ ይበርዳል። የጭቃው ግድግዳ በበኩሉ የቀኑን ሙቀት ይዞ እስከ ማታ ያቆያል። እርሷም እንደ ሰዓቱ ስንጥቋን ትለዋውጣለች። በጠርሙስ ስናስገባት የምንነጥቃት ነጻነቷን ብቻ አይደለም፤ ጥላዋንም ነው።

አንድ ተማሪ በሚያዝያ ወር በማርማላታ ጠርሙስ አድርጎ አንዲቱን ወደ ክፍል አምጥቶ ነበር። ክዳኑን ለአየር በምስማር በስቶታል፤ ዝንብም አስገብቶላታል፤ የቀረው ነገር አልነበረም። ጠርሙሱን በመስኮቱ ላይ አስቀመጠው። በሦስተኛው ክፍለ ጊዜ ፀሐይዋ ወደዚያ ዞረች፤ ለዕረፍት ስንወጣ እንሽላሊቷ ሞታ ነበር። የውጭው አየር ያን ቀን 30 ዲግሪ እንኳ አልሞላም። መስተዋት ብርሃኑን ያስገባል፤ ሙቀቱን ግን ቶሎ አያስወጣም። ደግሞም የእንሽላሊቷ ክብደት ጥቂት ግራም ነው። አንድ ሲኒ ውኃና አንድ እንስራ ውኃ በእኩል እሳት ላይ ብትጥዱ የትኛው ቀድሞ እንደሚፈላ ታውቃላችሁ።

እንግዲህ ልታሳድጉ ከወደዳችሁ የመጀመሪያው ሕግ ይህ ነው፤ የመስተዋት ሣጥን በማንኛውም ሰዓት ፀሐይ በቀጥታ በሚያርፍበት ቦታ አይቀመጥም። ሁለተኛው፥ ሣጥኑ አንድ ዓይነት ሙቀት ብቻ አይኑረው። አንዱ ጫፍ በቀን ከ29 እስከ 31 ዲግሪ፥ ሌላው ጫፍ 25 ግድም ቢሆን እርሷ የሚስማማትን ራሷ ትመርጣለች። በሁለቱም ጫፍ መሸሸጊያ ቅርፊት ወይም የተሰበረ ገል አኑሩላት፤ መሸሸጊያው በአንድ በኩል ብቻ ከሆነ ከፍርሃት የተነሣ እዚያው ተቀምጣ ትቃጠላለች ወይም ትደርቃለች። ሌሊት ወደ 20 ዲግሪ ቢወርድ አይጎዳትም። 40 ግን የሞት ደጃፍ ነው።

ሙቀቱን በእጅ ዳሰሳ አትገምቱት። ለበሽተኛ በብብት የሚያዘው ቴርሞሜትርም ለዚህ አይሆንም፤ የሚጀምረው ከ35 ዲግሪ ነው፤ ባለ ሜርኩሪው ደግሞ አንዴ ከወጣ ካልተራገፈ አይወርድም። የክፍል አየር መለኪያ ፈልጉ፤ የምትሰቅሉትም በክዳኑ ላይ ሳይሆን እርሷ በምትተኛበት ከፍታ ይሁን።

ባሕር ዳር 1,800 ሜትር ግድም ከፍታ ላይ ስለ ሆነች፥ በታኅሣሥና በጥር ሌሊቱ ከ10 ዲግሪ በታች የሚወርድበት ጊዜ አለ። የበረዳት እንሽላሊት የበላችውን መፍጨት አትችልም፤ ምግቡ በሆዷ ይበላሻል። ስለዚህ በብርድ ሰሞን ማታ አታብሏት፤ አስቀድማችሁ አሙቋት። ለዚህ የቀድሞው ባለ ክር አምፖል፥ 25 ዋት እንኳ ቢሆን፥ ደግ ነው። የዛሬው ኤልኢዲ ብርሃን እንጂ ይህ ነው የሚባል ሙቀት አይሰጥም። አምፖሉ ከሣጥኑ ውጭ፥ ከወንፊት ሽቦ በላይ ይሁን፤ ውስጥ ከገባ እርሷ ወጥታ ትለጠፍበትና ትቃጠላለች። ደግሞ የሌሊት ፍጥረት ናትና ብርሃኑ ማታ ይጥፋላት። ገንዘብ ያለው ሙቀቱን ራሱ እየለካ የሚያጠፋና የሚያበራ መቆጣጠሪያ ቢገዛ እጅግ የተሻለ ነው።

መብራት ሲጠፋስ? የሞቀ ውኃ በጠርሙስ ሞልታችሁ በጨርቅ ጠቅልሉና ከሣጥኑ አጠገብ አኑሩ፤ በላዩ አሮጌ ጋቢ ጣል አድርጉበት፤ አየር መግቢያ ግን ተዉ። እዚህ ላይ ጠንከር ብዬ የምናገረው አለ። በኪራይ ክፍል የምትኖሩ ወንድሞቼና እኅቶቼ፥ ለእንሽላሊት ብላችሁም ሆነ ለራሳችሁ፥ በተዘጋ ቤት የከሰል ምድጃ አስገብታችሁ አትተኙ። ከከሰል የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የለውም፤ መልክም የለውም። የተኛ ሰው ሳይነቃ ይወስደዋል። ጭሱ ስለ ጠፋ አደጋው የጠፋ የሚመስላቸው ብዙዎች ናቸው፤ ፍሙ በቀላ ጊዜም ጋዙ አለ።

ሙቀት በእነዚህ ፍጥረታት ላይ ያለው ሥልጣን ከሞትና ከሕይወትም ያልፋል። በ1966 እ.ኤ.አ. ማድሌን ሻርኒዬ የተባለች ምሁር በሴኔጋል፥ በዳካር፥ የአንድ ዓይነት እንሽላሊት ዕንቍላሎችን በልዩ ልዩ ሙቀት ስታስፈለፍል፥ ቀዝቀዝ ካለው ሴቶች፥ ሞቅ ካለው ወንዶች ሲወጡ አየች። አዞም እንዲሁ ነው። በአርባ ምንጭ በ1984 እ.ኤ.አ. የተቋቋመውን የአዞ እርባታ የጎበኘ ሰው ይህን ቢያስብ ይገረማል፤ የአባይ አዞ ዕንቍላል በ30 ዲግሪ ቢቀመጥ ሴት፥ በ33 ግድም ቢቀመጥ አብዛኛውን ወንድ ይሆናል። በሦስት ዲግሪ ልዩነት!

በሣጥናችሁ ውስጥ፥ ወይም በመጻሕፍት መደርደሪያችሁ ጀርባ፥ ሁለት ነጫጭ ክብ ዕንቍላሎች ብታገኙ እንደ ዶሮ ዕንቍላል አታገላብጧቸው፤ በውስጥ ያለው ፅንስ ይሞታል። ማንሣት ግድ ከሆነ በላይኛው ወገን በእርሳስ ምልክት አድርጉና እንደ ተቀመጡ አንሡ፤ በ28 ዲግሪ ግድም ጥላ ውስጥ አኑሯቸው። ሁለት ወር ግድም ይፈጃል፤ ብርድ ከሆነም ከዚያ ይበልጣል።