ቅርስን የሚጠብቀው ማን ነው?

ባለፈው ዕረፍት ጥቂት ተማሪዎች ሆነን የኔፓልን አገር ለማየት ዕድል አግኝተን ነበር። በካትማንዱ ሸለቆ ካሉት ከተሞች አንዷ በሆነችው በፓታን፣ የነዋር ሕዝብ የሠራውን የቤተ መቅደስ አደባባይ ጐበኘን። ከድንጋይ የታነጸው የክሪሽና ቤተ መቅደስ የተሠራው እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር በ1637 ነው። ዐፄ ፋሲለደስ ጎንደርን በቈረቈሩ ማግሥት መሆኑ ነው። የፋሲል ግቢና ይህ ሸለቆ በዓለም ቅርስነት የተመዘገቡትም በአንድ ዓመት፣ በ1979 ነው። እንግዲህ እኩያሞች ናቸው።

ያስደነቀን ግን የድንጋዩ ዕድሜ አይደለም። በ2015 በደረሰው የመሬት መንቀጥቀጥ በዚሁ አደባባይ የቻር ናራያንና የሐሪ ሻንካር ቤተ መቅደሶች ፈርሰው ነበር። ሰዎች ተረባርበው የተቀረጸውን እንጨት ከፍርስራሹ ለይተው አወጡ፤ ቤተ መቅደሶቹም በዚያው እንጨት እንደገና ቆሙ። ነዋሮች «ጉቲ» የሚሉት ማኅበር አላቸው። አንዱ ጉቲ ቤተ መቅደስ ይጠብቃል፤ አንዱ በዓል ይደግሳል፤ ሌላው እንደ እድራችን ቀብር ያስፈጽማል። ብዙዎቹ መሬታቸውን አጥተው ተዳክመዋል። ሆኖም መንግሥት በ2019 የጉቲን ሕግ ለመለወጥ ቢነሣ ሕዝቡ በካትማንዱ ጐዳና ወጥቶ ረቂቁን አስነሥቷል።

ከጕብኝቱ በኋላ «ሳማይ ባጂ» የሚሉትን ማዕድ ቀመስን፦ ተወቅጦ የጠፈጠፈ ሩዝ፣ በእሳት ተለብልቦ በቅመም የታሸ የለማዳ ጎሽ ሥጋ፣ ጥቁር አኩሪ አተር፣ ዝንጅብል። «አይላ» የሚሉትን የሩዝ አረቄ አንዱ ጓደኛችን ተጐንጭቶ «ይህስ የእናቴ ካቲካላ ነው!» ቢል ሁላችንም ሣቅን። በድግሳቸው ታላቅ ከላይ፣ ታናሽ ከታች ሆኖ በተርታ ምንጣፍ ላይ ይቀመጣል። ከአገራችን የወጣን አልመሰለንም።

ነገር ግን ወደ ማደሪያችን ስንመለስ ሣቃችን ቀዘቀዘ። ከእኛ መካከል ጎንደር ሄዶ በግንቡ ሥር ፎቶግራፍ ያልተነሣ የለም፤ ለዚያ ግንብ የአንድ ቀን ጕልበት የሰጠ ግን አንድም አልተገኘም። የእኛ ባህል ወዳድነት በዓመት አንድ ቀን ጥልፍ ልብስ ለብሶ ከመጨፈር አያልፍም። «አገራችን ድኻ ናት» የሚል ቢኖር፣ ኔፓልም ሀብታም አይደለችም። «የመንግሥት ሥራ ነው» የሚል ቢኖር፣ አያቶቻችን ማኅበርና እድር ሲያቆሙ ማንንም አልጠበቁም።

ስለዚህ ለኅብረታችን የምናቀርበው አሳብ ይህ ነው። በመጪው ዕረፍት ወደ ትውልድ ቦታው የሚሄድ ተማሪ ሁሉ ከሽማግሌዎች አንድ ታሪክ ጽፎ ይምጣ፤ ከሰፈሩም ሰው ጋር ለአንድ አሮጌ ቅጥር ወይም ምንጭ አንድ ቀን ይሥራ። ይህን ካደረግን በኋላ ስለ ባህል ብንናገር ያምርብናል።