ኮራሉን የበላው ዓሣው አይደለም

«ዓሣው አከሰረኝ» የሚል ሮሮ መስማት አንገፍግፎኛል። እዚህ ዱባይ ኮራል በቤቱ የመስታወት ገንዳ የሚያሳድግ ወዳጅ ያለው ሁሉ ነገሩን ያውቀዋል። ሰውየው ኢምፔረር ኤንጀልፊሽ ገዝቶ ከኮራሎቹ ጋር ያስገባል። ዓሣው አድጎ ኮራሎቹን መለቃቀም ሲጀምር ደግሞ እንደ ተዘረፈ ሰው ይጮኻል። ፍየል ጎመን ማሳ ውስጥ ለቅቆ «በላችብኝ» ማለት ይሄ ነው!

ኢምፔረር ከቀይ ባሕር እስከ ፓስፊክ ደሴቶች የሚኖር ዓሣ ነው። ዋና ምግቡ የባሕር ስፖንጅና አለት ላይ ተጣብቀው የሚኖሩ ሌሎች ለስላሳ እንስሳት ናቸው። ቀኑን ሙሉ ከአለት አለት እየዞረ እየነጨ ይበላል። ቤታችሁ ስታስገቡት ያ ሁሉ ስፖንጅ የለም። አለት ላይ የተቀመጠው ለስላሳ ነገር በውድ ድርሃም የገዛችሁት ኮራል ብቻ ነው። ታዲያ ምን ይንጭ? መስታወቱን?

ከሁሉ የሚያንጨረጭረኝ ሻጩ ነው። የሚሸጥላችሁ ግልገሉን ነው፤ ጥቁር ሰማያዊ መልክ ላይ ነጭ ክቦች የተሳሉበት፣ መዳፍ ውስጥ የሚገባ ውብ ፍጡር። ያው ዓሣ አድጎ ቢጫና ሰማያዊ መስመር ለብሶ 40 ሴንቲ ሜትር ይደርሳል። ግልገሉና አዋቂው በመልክ ከመራራቃቸው የተነሳ የጥንቶቹ ተመራማሪዎች ሁለት የተለያዩ ዝርያዎች መስለዋቸው ሁለት ስም ሰጥተዋቸው ነበር። ገዢው ባያውቅ አይፈረድበትም። ሻጩ ግን አሳምሮ ያውቃል! ሲጠየቅ «ከኮራል ጋር ይሆናል፣ ጥንቃቄ ብቻ ነው» ይላል። የምን ጥንቃቄ? ዓሣውን ጾም ልናስለምደው ነው?

«ዓሣ የሚያድገው በገንዳው ልክ ነው» የሚሉም አሉ። ነጭ ውሸት ነው። በጠባብ ውሃ የቀጨጨ ዓሣ እየታመመ ያለ ዓሣ ነው። ለምሳሌ 300 ሊትር ገንዳ ብዙውን ጊዜ ወርዱ 50 ሴንቲ ሜትር ቢሆን ነው፤ ያውም ግማሹን አለት ይዞታል። 40 ሴንቲ ሜትር የሚሆን እንስሳ እዚያ ውስጥ እንዴት ይዙር? ለዚህ ዓሣ ከ800 ሊትር በታች ማሰብ ግፍ ነው።

በሽታው ሲመጣ ደግሞ ጉዱ ይብሳል። ኤንጀልፊሾች ነጭ ነጠብጣብ በሚያወጣው ጥገኛ ተውሳክ በቀላሉ ይያዛሉ። የታወቀው መድኃኒት መዳብ ነው፤ መዳብ ግን ኮራሉንም ሽሪምፑንም ይፈጃል። ስለዚህ ዓሣውን ለማከም አለቱን አፍርሶ ማጥመድና ወደ ሌላ ገንዳ ማዛወር ግድ ይሆናል። ይህን ለገዢው አስቀድሞ የሚነግር ሱቅ እስካሁን አላየሁም።

እዳው የሚያርፈውስ በማን ላይ ነው? ዓሣው ሞቶ ሲገኝ «ውሃው ውስጥ ምን ጨመርሽበት?» ተብላ የተጮኸባት የቤት ሠራተኛ አውቃለሁ፤ የአገሬ ልጅ ናት። መስታወቱን ከመወልወል በቀር የነካችው ነገር አልነበረም። ዓሣው ከመጣ ጀምሮ አንድም ቀን እህል አልቀመሰም ነበር፤ የሞተው በረሃብ ነው። ጌቶቿ ያላጠኑትን እሷ ተቀጣችበት።

ከባሕር የሚወጣበት መንገድም ንጹሕ አይደለም። በገበያ ላይ ያለው የባሕር ጌጥ ዓሣ አብዛኛው ከዱር የተያዘ ነው። በፊሊፒንስ ከ1960ዎቹ ጀምሮ ዓሣን በሳይናይድ አደንዝዞ መያዝ ተስፋፍቶ ነበር፤ ሕግ ቢከለክለውም በደቡብ ምሥራቅ እስያ ጨርሶ አልጠፋም። መርዙ ሲረጭ ዓሣው ይደነዝዛል፣ በዙሪያው ያለው ኮራል ደግሞ ይሞታል። ሳሎን ውስጥ ኮራል ለማስዋብ ባሕር ውስጥ ኮራል መግደል ማለት ነው።

«እገሌ ቤት ግን ኢምፔረሩ ከኮራል ጋር በሰላም ይኖራል» እንደምትሉኝ አውቃለሁ። ይኖር ይሆናል። አንዳንዱ ዓሣ ሳይነካ ይቆያል፣ አንዳንዱ ለረጅም ጊዜ ታግሦ በአንድ ሳምንት ያወድማል። በእድል የተረፈ ገንዳ ለሌላው ማስረጃ አይሆንም።

ኤንጀልፊሽ የሚባል አትያዙ አልልም። ኮራሉን የምትወዱ ከሆነ ጄኒካንተስ የሚባሉትን ፈልጉ፤ እነሱ ውሃ ውስጥ የሚንሳፈፍ ፕላንክተን ለቃሚ ስለሆኑ ከቤተሰቡ ሁሉ ለኮራል የሚሻሉት እነሱ ናቸው። እነሱም ቢሆኑ ሰፊ ገንዳ ይሻሉ። ኢምፔረሩን የምትወዱ ከሆነ ደግሞ ኮራሉን ተዉና ትልቅ የዓሣ ብቻ ገንዳ ሥሩለት። ሁለቱንም አንድ ሳጥን ውስጥ ካላስገባሁ የሚል ሰው ስግብግብ ነው።

ሱቅ ስትገቡ ሻጩን ሁለት ነገር ጠይቁት፦ ሲያድግ ስንት ሴንቲ ሜትር ይሆናል? አሁን ዓይኔ እያየ ይበላል? መልሱን ካድበሰበሰ ገንዘባችሁን ኪሳችሁ መልሱና ውጡ።