ስለ አይባችን መደፋትና ስለ ውኃችን መቋረጥ የቀረበ አቤቱታ

ጉዳዩን ለማየት ሥልጣን ላለዎት ክቡር ኃላፊ
አዲስ አበባ

እኛ አመልካቾች በንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ፣ በሀይሌ ጋርመንት ገበያ አይብ፣ ቅቤና እርጎ ሸጠን ልጆች የምናሳድግ ሴቶች ነን። አብዛኞቻችን በ2013 ዓ.ም. አትክልት ተራው ከጃንሜዳ ወደዚህ ሲዛወር ገበያተኛውን ተከትለን መጣን። አይቡን ከሰበታና ከቡታጅራ መስመር እንረከባለን። ስማችንና ፊርማችን ከዚህ ማመልከቻ ጋር ተያይዟል።

ክቡርነትዎ፣ ቁጥጥር ይቅርልን ለማለት አልመጣንም። አይብ ሊያሳምም እንደሚችል እናውቃለን፤ የእኛም ልጆች ይበሉታል። ፕሮፌሰር ሞገሴ አሸናፊ ከሐዋሳ ገበያ የተገዛ አይብ መርምረው በ1990 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት ከብዙው ናሙና ከፍተኛ የጀርም ብዛት ማግኘታቸውን የተማሩ ልጆቻችን አንብበውልናል። አልተከራከርንም። የበደለን ሌላ ነው።

አንደኛው በደል የደረሰብን ባለፈው ጥር 10 ቀን፣ የከተራ ዕለት ነው። የገሃድ ጾም ስለሆነ ገዢው ለማግስቱ ጥምቀት እያሰበ በብዛት የሚገዛበት ቀን ነበር። ከረፋዱ ላይ ተቆጣጣሪዎች መጡ። አንደኛው ኮባውን በእስክሪብቶ ገለጥ አድርጎ አሸተተና «ይሄ ተበላሽቷል» አለ። ጎምዛዛ ሽታ የአይብ ጠባዩ መሆኑን ብንነግራቸውም አልሰሙንም። የዘጠኝ ሴቶችን አይብ፣ በጠቅላላው 14 ባልዲ፣ ቦዩ ውስጥ ገለበጡት፤ ማንም እንዳያነሣውም በረኪና አፈሰሱበት። ናሙና አልተወሰደም፣ ቃለ ጉባኤ አልተጻፈም፣ ደረሰኝም አልተሰጠንም። ባክቴሪያ በአፍንጫ የሚለይ ቢሆን ኖሮ ላቦራቶሪ ባላስፈለገ ነበር። አይቡን የወሰድነው በዱቤ ስለነበር አስረካቢዎቻችን ገንዘባቸውን ጠየቁን፤ እኛም ከዕቁባችን አውጥተን ከፊሉን ከፈልን። ወዲያው ሁዳዴ ገባ። 55 ቀን አይብ የሚገዛ የለም፤ ዕዳ ግን አይጾምም። ከመካከላችን ሁለቱ ልጆቻቸውን ከትምህርት ቤት አስቀርተው ቡና ማፍላት ላይ አሰማርተዋል።

ሁለተኛው የውኃው ጉዳይ ነው። ከኅዳር 12 ቀን፣ ከሚካኤል ጀምሮ በረድፋችን ጫፍ ያለው ቧንቧ ደርቋል። ሲጠገን አላየንም፤ ወርኃዊ የቦታ ክፍያው ግን አንድም ቀን አልተቋረጠም። በጀሪካን እየገዛን የምንጠቀምበት ውኃ ለዕቃ ማጠቢያ እንጂ ለእጅ አይተርፍም። አሁን እዚህ ላይ ክቡርነትዎ ያስቡልን፤ ከእጅና ከቁስል ወደ አይብ የሚገባው ስታፊሎኮከስ የሚባለው ጀርም መርዙን አንዴ ካስቀመጠ በኋላ ቢያሞቁትም መርዙ አይጠፋም። ኢ.ኮላይም ከቆሻሻ ውኃና ካልታጠበ እጅ ይመጣል። ታዲያ ውኃው ሳይመለስልን በንጽሕና ጉድለት መወንጀላችን ፍርድ ነው ወይ?

ሦስተኛው፣ ጥላ ያደረግነው ሸራ ከፋሲካ በኋላ ገጽታ ያበላሻል ተብሎ ተነሣ። አይባችን እኩለ ቀን ፀሐይ ላይ ይውላል።

ይህን ሁሉ በዝምታ አላሳለፍነውም፤ በጩኸትም አላቀረብነውም። ጉዳዩን ለያዘው ጽሕፈት ቤት በጽሑፍ አመልክተን፣ ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው፣ ባለሙያው መስክ ወጥቷል፣ ማመልከቻችሁ ወደ ሌላ ክፍል ተመርቷል እየተባልን ክረምቱ ገባ። አንዷ እህታችን አራስ ልጅ አዝላ ደጅ ጠንታለች።

መፍትሔው ከባድ ሆኖብን አይደለም። አይብ የሚሠራው ቅቤው የወጣለትን አሬራ በለስላሳ እሳት አሙቆ፣ ሲረጋ አጓቱን በማጥለል ነው። አስረካቢዎቻችን ሙቀቱን የሚለኩት በጣት ነው፤ ጣት የሚችለው ሙቀት ደግሞ ጀርም አይገድልም። ጉርድ ሾላ የነበረው ዓለም አቀፉ የአፍሪካ ከብት ማዕከል በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. ባሳተመው መመሪያ አሬራው ከ40 እስከ 70 ዲግሪ ባለው በየትኛውም ሙቀት ቢረጋ የአይቡ መጠን ብዙም እንደማይለወጥ አስቀምጧል። እስከ 70 ማሞቅ አያከስርም ማለት ነው። ይህን ለሰበታ ገበሬ ሚስት የሚነግር አንድ ባለሙያና ሙቀት መለኪያ ጎደለን እንጂ ፈቃዱ አልጎደለም። በ2008 ዓ.ም. ገደማ በወተት ውስጥ አፍላቶክሲን ተገኘ ሲባል የሆነውም ይኸው ነበር፤ ገበያው ደነገጠ፣ ገዢው ሸሸን፣ መንስኤ የተባለው የሻገተ ፋጉሎ ስለመሆኑ ግን እኛ ዘንድ መጥቶ ያስረዳን የለም።

በ1985 እ.ኤ.አ. በሎስ አንጀለስ አካባቢ ሊስቴሪያ ያለበት አይብ ብዙ ነፍስ ባጠፋ ጊዜ እንኳ አይቡ ከየትኛው ፋብሪካ እንደ ወጣ የታወቀው በምርመራ እንጂ በማሽተት አይደለም።

ስለዚህ ክቡርነትዎ፣ ቧንቧው እንዲጠገንልን፤ ጥላ እንዲፈቀድልን፣ ወይም ክፍያ ቢጠየቅበትም በጋራ የምንጠቀምበት ማቀዝቀዣ እንዲዘጋጅልን፤ ከእንግዲህ አይባችን ሲያጠራጥር ናሙና ተወስዶ ውጤቱ በጽሑፍ እንዲደርሰን፤ ጉድለት የተገኘበት ብቻ እንዲወገድ፤ የከተራው ዕለት የተደፋብን 14 ባልዲ ደግሞ ተጣርቶ ካሣው እንዲወሰንልን በታላቅ ትሕትና እንጠይቃለን። ለምርመራው ናሙና ከነገ ጀምሮ በነጻ እንሰጣለን። የፍልሰታ ጾም ሲፈታ ገበያው ስለሚከፈት ውሳኔዎን ከዚያ በፊት እንጠብቃለን።

አመልካቾች