የእንፋሎት ልብ ወለድና የሴባስቶፖል ጎታቾች

በዚህ ገጽ ስለ ምርጫ፣ ስለ በጀትና ስለ ሕገ መንግሥት እንጂ ስለ ልብ ወለድ ጽፌ አላውቅም። ስለዚህ አርእስቴን አይታችሁ «ዶክተሩን ዛሬ ምን ነካው?» ብትሉ አልቀየምም። ነውሬን ልናዘዝ፦ ማታ ማታ፣ የፈተና ወረቀት አርሜ ስጨርስ፣ የማነበው ስቲምፐንክ የሚባለውን የሳይንስ ልብ ወለድ ነው።

ለማያውቁት፦ በእንፋሎት ዘመን ያልተሠራው ማሽን ተሠርቶ፣ ያልበረረው በርሮ ቢሆን ኖሮ ዓለም ምን ትመስል ነበር ብሎ የሚጠይቅ ዘርፍ ነው። ስሙን እ.ኤ.አ. በ1987 አሜሪካዊው ደራሲ ኬ. ደብሊው. ጄተር እንደ ቀልድ አወጣለት። በ1990 ደግሞ ዊሊያም ጊብሰንና ብሩስ ስተርሊንግ የቻርልስ ባቤጅ የስሌት ማሽን ተሳክቶ የቪክቶሪያዋ እንግሊዝ የኮምፒዩተር አገር የሆነችበትን ልብ ወለድ አሳተሙ። ባቤጅ ማሽኑን ሳይጨርስ ሞቷል፤ በ1991 ግን የለንደኑ የሳይንስ ሙዚየም ከንድፎቹ አንዱን ሠርቶ፣ በትክክል እንደሚያሰላ አሳየ። ባልደረቦቼ የልጅ ጨዋታ ይሉታል። እኔ ግን ከብዙው የታሪክ ክርክራችን ይልቅ ቁም ነገር አገኝበታለሁ። እኛ ታሪክን የምንከራከረው እንደ መሬት ሙግት ነው፤ ሁሉም ማስረጃውን ይዞ ይቆማል፣ «ነገሩ ሌላ መልክ ሊይዝ ይችል ነበር» የሚል አንድም ሰው የለም።

መቅደላን ተመልከቱ። በ1860 ዓ.ም. እንግሊዞች ዙላ ላይ ወርደው የባቡር ሐዲድ ዘረጉ፤ ከህንድ ባመጧቸው 44 ዝሆኖች ከባድ መድፍ አስጫኑ። በወዲህ በኩል ዐፄ ቴዎድሮስ ጋፋት ላይ በአውሮፓውያን ባለ እጆች ያሠሩት ሴባስቶፖል፣ ሰባት ቶን ገደማ የሚመዝነው፣ ከደብረ ታቦር እስከ መቅደላ ተራራ እየተቆረሰ መንገድ ሲወጣለት ለወራት በሰው ጉልበት ተጎተተ። ልብ ወለድ ቢሆን ደራሲውን «አጋነንክ» እንለው ነበር።

ይህን አሶሳ ላይ ለተማሪዎቼ ሳወጋ፣ ንጉሡ አንድ የእንፋሎት ሞተር ቢያገኙ ኖሮ እያልሁ በገዛ ምናቤ ተመስጬ ሳለሁ፣ አንድ የጾሬ ልጅ እጁን አወጣ። «መምህር፣ የጎተቱት ሰዎች ስማቸው ማን ነበር?»

መልስ አልነበረኝም። ልጁ የጠየቀው ያለ ምክንያት አይደለም። የግብጹ ገዥ መሐመድ አሊ እ.ኤ.አ. በ1820ዎቹ መጀመሪያ ሠራዊቱን እስከ ፋዞግሊ የሰደደው ለወርቅና ለባሪያ ነበር፤ ይህ ምድር የዚያን ዘመን ታሪክ የሚያውቀው ከተሸካሚው ትከሻ በኩል ነው። የምወደው ዘርፍ ትልቁ እንከንም ይኸው ነው፤ የሚያብለጨልጭ ናስና ረጅም ባርኔጣ ሞልቶታል፣ ድንጋይ ከሰል የሚቆፍረው ግን አይታይም። ኒሲ ሻውል በ2016 የሊዮፖልድን ኮንጎ፣ ፒ. ጄሊ ክላርክ ደግሞ የ1912ቷን ካይሮ ይዘው ይህን ክፍተት መሙላት ጀምረዋል። በኮንጎና በካይሮ መካከል ያለነው እኛስ?

የእኛ «ቢሆን ኖሮ» ሩቅ አይደለም። ድንበሩ በ1894 ዓ.ም. ምኒልክ ከእንግሊዝ ጋር በተፈራረሙት ውል ተወሰነ። እ.ኤ.አ. በ2015 የተከፈተው የጾሬ መጠለያ ከዚያ መስመር ማዶ የመጡ ሱዳናውያንን ይዟል፤ የበርታ ሕዝብ ደግሞ ከመስመሩ ወዲህም ወዲያም አለ። መስመሩ በሌላ በኩል ቢያልፍ ኖሮ ስደተኛው ማን፣ አስተናጋጁ ማን ይሆን ነበር? ይህን ጥያቄ ፖለቲከኛ ቢያነሣው የይገባኛል ጥያቄ ነው፤ ጠብ ያመጣል። ልብ ወለድ ግን ማንንም ሳያስታጥቅ ሊጠይቀው ይችላል።

ልጁ አሁን የራሱን ታሪክ ጀምሯል። ወርቅ አጣቢ እናቶች በጋራ የገዙት የእንፋሎት ማሽን አለው፤ ነዳጁ የአካባቢው ቀርከሃ ነው። ቀርከሃ ያን ሁሉ ውኃ ያፈላል፣ አያፈላም በሚለው እስካሁን አልተስማማንም።