የቈጠርሁት ምስክር

ባለፈው ጊዜ በክርክር ክበባችን «ኢየሱስ የሚባል ሰው በእውነት እንደ ነበረ የጥንት ጽሑፎች ያረጋግጣሉን?» የሚል ጥያቄ ቀርቦ እንደ ነበረ በአዳራሹ የተገኛችሁ ወንድሞቼና እኅቶቼ ታስታውሳላችሁ። «ያረጋግጣሉ» ከሚለው ወገን ቆሜ የተናገርሁት እኔ ነበርሁ። ጭብጨባውም የኛ ሆነ። ዛሬ ብዕር ያነሣሁት ግን ያን ድል ለማደስ አይደለም። የቈጠርሁት ምስክር ንጹሕ እንዳልነበረ ለመናገር ነው።

በዚያ ማታ አዳራሹን ያስጨበጨበው ከዮሴፉስ መጽሐፍ ያነበብሁት ቃል ነው። ዮሴፉስ በ37 ዓ.ም. በኢየሩሳሌም ከካህናት ወገን የተወለደ አይሁዳዊ ነው፤ (ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር እጽፋለሁ)። አይሁድ በሮም ላይ በተነሡ ጊዜ በገሊላ የጦር አለቃ ሆኖ ተዋጋ፤ በ67 እጁን ሰጠ፤ ኋላም በሮም ተቀምጦ በ93 ገደማ የሕዝቡን ታሪክ በ20 መጻሕፍት ከፍሎ በግሪክ ቋንቋ ጻፈ። በ18ኛው መጽሐፍ ኢየሱስ እርሱ ክርስቶስ እንደ ነበረ፥ በሦስተኛውም ቀን ሕያው ሆኖ እንደ ታየ የሚል ቃል ይገኛል። እኔም «ክርስቲያን ያልሆነ አይሁዳዊ ይህን ከመሰከረ ምን ቀረ?» ብዬ ተቀመጥሁ።

በማግስቱ ከተከራካሪዎቼ አንዱ በምግብ አዳራሽ አገኘኝና «ዮሴፉስ ይህን ሁሉ ካመነ ስለ ምን ክርስቲያን አልሆነም?» ሲል ጠየቀኝ። መልስ አጣሁ። ወደ ቤተ መጻሕፍት ሄጄ ስመረምር ነገሩ የከፋ ሆኖ አገኘሁት። በሦስተኛው መቶ ዓመት የነበረው ኦሪገን ዮሴፉስን አንብቦ ሳለ፥ ይህ ሰው ኢየሱስን ክርስቶስ ነው ብሎ እንዳልተቀበለ ይናገራል። እኔ ያነበብሁት ቃል ሙሉ ሆኖ መጀመሪያ የተጠቀሰው በአራተኛው መቶ ዓመት በአውሳብዮስ መጽሐፍ ነው። ስለዚህ ከሊቃውንቱ ብዙዎቹ «ዮሴፉስ ስለ ኢየሱስ ጥቂት ነገር ጽፎ ነበር፤ ኋላ ግን ክርስቲያን ገልባጭ ጨመረበት» ይላሉ። «ከነጭራሹ የተጨመረ ነው» የሚሉም አሉ።

አንድ ወዳጄ «አይዞህ፤ የኛ አባቶች ዮሴፍን በግዕዝ ይዘውታል» ብሎ ሊያጽናናኝ ሞከረ። ዜና አይሁድን ማለቱ ነው። ነገር ግን ይህ መጽሐፍ ከዐረብኛ የተመለሰ ሲሆን፥ ምንጩ በአሥረኛው መቶ ዓመት በደቡብ ኢጣልያ በዕብራይስጥ የተዘጋጀ ሌላ ድርሰት ነው። ስለዚህ ለዮሴፉስ የግሪክ መጽሐፍ ዋስ ሊሆነው አይችልም።

እንግዲህ ምን ተረፈ? በአገራችን በላ ልበልሃ በሚባልበት ዘመን ተሟጋች ምስክር ሲቈጠርበት «አየህ ወይስ ሰማህ? ዘመድ ነህ ወይስ ጠላት?» ብሎ ይጠይቅ ነበር። እኛም በዚሁ እንመርምር።

አንደኛው ራሱ ዮሴፉስ ነው፤ ግን በ20ኛው መጽሐፍ። በዚያ ሊቀ ካህናቱ ሐናን በ62 በድንጋይ ስላስወገረው ስለ ያዕቆብ ሲጽፍ «ክርስቶስ የሚባለው የኢየሱስ ወንድም» ብሎ በአጭሩ ያልፋል። ቃሉ ውዳሴ የለበትም፤ ነገሩም ስለ ሊቀ ካህናቱ ጥፋት እንጂ ስለ ኢየሱስ አይደለም። ሁለተኛው ሮማዊው ታሲተስ ነው። በ116 ገደማ፥ በ64 ስለ ተነሣው የሮም ቃጠሎ ሲጽፍ፥ ክርስቶስ በጢባርዮስ ዘመን በጲላጦስ እጅ እንደ ተገደለ ይናገራል። ክርስቲያኖችን እጅግ የሚንቅ ሰው ስለ ሆነ በወዳጅነት አይጠረጠርም፤ ወሬውን ግን ከማን እንደ ሰማ አልነገረንም። ሦስተኛው ጳውሎስ ነው። እርሱ ወገን መሆኑ አይካድም። ሆኖም ከስቅለቱ 20 ዓመት ገደማ በኋላ ለገላትያ ሰዎች ሲጽፍ፥ በኢየሩሳሌም ከጴጥሮስ ዘንድ 15 ቀን እንደ ተቀመጠና የጌታን ወንድም ያዕቆብን እንዳየ በመሐላ ይናገራል። «ወንድም» ማለት ምን ዓይነት ዝምድና እንደ ሆነ የሃይማኖት ሊቃውንት ይከራከሩበት። ለኔ ጕዳይ የሚበቃው፥ ላልነበረ ሰው ዘመድ አይገኝለትም።

ተቃዋሚዎቻችን «በዘመኑ የነበረ አንድ ጸሐፊ እንኳ አልጻፈለትም» ይላሉ። እውነት ነው። ነገር ግን በዚህ ሚዛን ከተመዘነ የይሁዳና የገሊላ ሕዝብ ሁሉ አልነበረም ሊባል ነው። አሥር ዓመት ያህል አገር የገዛው ጲላጦስ እንኳ ስሙ በድንጋይ ተቀርጾ የተገኘው በ1961 በቂሣርያ ነው። ገዥው ይህን ያህል ካተረፈ፥ አንድ የናዝሬት ጸራቢ ምን ያህል ሊያተርፍ ኖሯል?

ስለዚህ የኔ ፍርድ ይህ ነው፤ ኢየሱስ የሚባል ሰው ነበረ፤ ተከታዮች ነበሩት፤ በጲላጦስ ዘመን ተገደለ። የታሪክ ምስክሮች እስከዚህ ያደርሱናል፤ ከዚህ አያሳልፉንም። ትንሣኤውን በታሲተስ ማስመስከር አይቻልም። ታሲተስ አልመሰከረም ብሎ መካድም እንዲሁ ነው።

ይህን ለመኝታ ክፍል ጓደኛዬ ብነግረው (ዲያቆን ነው) ፊቱ ጠቈረ። «እምነቴን ልትነጥቀኝ ነውን?» አለኝ። ሌሊቱን ሙሉ አልተነጋገርንም። ሲነጋ ግን ያልሁት ይህን ነው፤ «እናትህ በየጥዋቱ ቤተ ክርስቲያን የምትሳለመው ዮሴፉስ ስለ መሰከረ አይደለም። ስለዚህ ዮሴፉስ ቢወድቅ እርስዋ አትወድቅም። የሚወድቀው፥ እምነቱን በተበረዘ ቃል ላይ አስደግፎ ለጭብጨባ የቆመው፥ እንደኔ ያለው ተማሪ ነው።» እርሱም ዝም ብሎ ሰማኝ፤ ተስማማ ግን ለማለት አልደፍርም።

ወንድሞቼና እኅቶቼ! ለእውነት ስንል ሐሰት መጥቀስ የተማረ ሰው ሥራ አይደለም። ክርክሩ እንደገና ቢነሣ በዚያው ወገን እቆማለሁ፤ ምስክሮቼ ግን ያንሳሉ።