ማሪያ፣ ሽማግሌው አያትና ቀጭኔዋ ፀሐይ

የዛሬው ጨዋታችን ስለ ቴሌቪዥን ነው።

ቴሌቪዥን ያለው ሰው በቤቱ ያያል። የሌለው በጎረቤት ቤት ወይም በሻይ ቤት ያያል። ተከታታይ ድራማ የሚያይ ሰው ደግሞ ከሁሉ አስበልጦ የሚወደው አንድ ሰው አያጣም። «ያቺ ልጅ ዛሬ ምን ሆና ይሆን?» እያለ ሲያስብ ይውላል። ልጅቷ ግን ዘመዱ አይደለችም። ጎረቤቱም አይደለችም። ጭራሹን በዓለም ላይ የለችም። ደራሲ በሐሳቡ የፈጠራት፣ ተዋናይት የምትጫወታት ሰው ናት። እንዲህ ያለው ሰው ገጸ ባሕርይ ይባላል።

እንግዲህ ጥያቄያችን ይህ ነው። ያልተወለደ ሰው እንዴት ከልባችን አይወጣም? እውነተኛውን ሰው እየረሳን እሱን የማንረሳው ለምንድን ነው?

መልሱን በሦስት ገጸ ባሕርያት እንፈልግ። ሦስቱም ከፊደል ጋር የተያያዙ ናቸው። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

1. ማሪያ

ፔሩ በደቡብ አሜሪካ የምትገኝ አገር ናት። ዋና ከተማዋ ሊማ ትባላለች። በፔሩ ቴሌቪዥን ከ1969 እስከ 1971 አንድ ተከታታይ ድራማ ይታይ ነበር። ስሙ «ሲምፕሌሜንቴ ማሪያ» ነው። «ማሪያ ብቻ» እንደ ማለት ነው።

ማሪያ የገጠር ልጅ ናት። ሥራ ፍለጋ ወደ ትልቅ ከተማ መጣች። በሀብታሞች ቤት ተቀጠረች። ዕቃ ታጥባለች፣ ቤት ትጠርጋለች። ማንበብ አትችልም። አንድ የሀብታም ልጅ «እወድሻለሁ» አላት። አመነችው። አረገዘች። እሱም ጥሏት ሄደ።

ይህን የመሰለ ታሪክ እኛም አገር ስንት ጊዜ ሰምተናል! ብዙውን ጊዜ ታሪኩ እዚህ ላይ በለቅሶ ያበቃል። የማሪያ ታሪክ ግን ከዚህ በኋላ ነው የሚጀምረው። ልጇን ወለደች። ቀን እየሠራች ማታ ማታ ትምህርት ቤት ገባች። ኤስቴባን የተባለ መምህር ፊደል አስተማራት። ልብስ ስፌትም ተማረች። በሲንጀር መኪና እየሰፋች ልጇን አሳደገች። ኋላም ስሟ የታወቀ ልብስ ሰፊ ሆነች።

ሲንጀርን እኛም እናውቀዋለን። በየገበያው፣ በየሱቁ ደጃፍ ድምፁ ይሰማል።

ድራማው በሚታይበት ጊዜ በከተማው ውስጥ አንድ ነገር ሆነ። የቤት ሠራተኞች ከእመቤቶቻቸው ፈቃድ መጠየቅ ጀመሩ። «ማታ ለትምህርት ልሂድ» አሉ። ማንበብና መጻፍ የሚማሩ ሰዎች በዙ። ስፌት የሚማሩም በዙ። የሲንጀር ገበያ ደራ። ኩባንያው ማሪያን ለተጫወተችው ተዋናይ ለሳቢ ካማሊች የወርቅ ስፌት መኪና ሸለማት።

መጨረሻ ላይ ማሪያና መምህሯ ኤስቴባን ተጋቡ። ሠርጉ የተቀረጸው በሊማ ከተማ በእውነተኛ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ነበር። ያን ቀን በሺህ የሚቆጠር ሕዝብ ወጣ። ብዙዎቹ የክት ልብሳቸውን ለብሰው፣ ስጦታ ይዘው መጡ። ለማን? በዓለም ላይ ለሌሉ ሙሽሮች!

አንዳንድ ሰው በዚህ ይስቅ ይሆናል። «እነዚህ ሰዎች ድራማና እውነት አይለዩም እንዴ?» ይል ይሆናል። ነገሩ ግን እንዲህ አይመስለንም። ሙሽራዋ የውሸት መሆኗን ብዙው ሰው ያውቃል። የከተማዋ የቤት ሠራተኞች ኑሮ ግን ውሸት አልነበረም። እንደ ማሪያ ያለች ሴት ተከብራ፣ ነጭ ለብሳ፣ በሰው ፊት ስትቆም ማየት ፈለጉ። ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም ይባል የለ? ከልብ ከተደሰቱም ሠርግ አይጠፋም።

ማሪያ የማትረሳው ለምንድን ነው? ኑሮዋን ስለምናውቀው ነው። የምትፈልገውም ነገር ትንሽና ግልጽ ስለሆነ ነው። የወርቅ ቤት አልተመኘችም። ፊደልና መርፌ ፈለገች። ያየች ሴት ሁሉ «ይህንንስ እኔም እችላለሁ» አለች።

2. ሽማግሌው አያት

ሜክሲኮ ውስጥ ሚጌል ሳቢዶ የተባለ የቴሌቪዥን ሰው ነበር። የማሪያን ድራማ ነገር ልብ ብሎ አየ። «በማሪያ ጊዜ ሳይታሰብ የሆነውን እኛ አስበን ብናደርገውስ?» ብሎ ተነሣ።

በዚያን ጊዜ የሜክሲኮ መንግሥት ለአዋቂዎች የሚሆን ትምህርት አዘጋጅቶ ነበር። መጽሐፉ በነጻ ይሰጣል። ሰዎች በቡድን ሆነው ይማራሉ። ነገር ግን የሚመጣው ሰው ጥቂት ነበር። ለምን? እናንተ መልሱን ከኛ የበለጠ ታውቁታላችሁ። አዋቂ ሰው ያፍራል። «በዚህ ዕድሜዬ ከልጅ ጋር ሀ ሁ ልበል?» ይላል። «እኔ ካለፈ በኋላ ነኝ» ይላል።

ሳቢዶ በ1975 አንድ ተከታታይ ድራማ ጀመረ። «ቬን ኮንሚጎ» ይባላል። «ከእኔ ጋር ና» ማለት ነው። ታሪኩ ፊደል ስለሚማሩ አዋቂዎች ነው። በድራማው ውስጥ ሦስት ዓይነት ሰዎች አሉ። አንደኞቹ ትምህርትን የሚወዱ ናቸው። ሁለተኞቹ የሚጠሉና የሚያሾፉ ናቸው። ሦስተኞቹ በመካከል ቆመው የሚያመነቱ ናቸው። ዛሬ ይመጣሉ፤ ነገ ይቀራሉ። ከነገ ወዲያ ደግሞ አፍረው ይመለሳሉ።

ከነዚህ ሁሉ የማይረሳው የሚያመነታው ነው። ጻድቁን እናከብረዋለን። ክፉውን እንጠላዋለን። የሚያመነታው ግን እኛን ይመስላል። ስለዚህ «አይዞህ፣ ግባ!» እንለዋለን። እሱን ስናበረታታ ራሳችንንም እናበረታታለን።

ከሚማሩት መካከል አንድ ሽማግሌ አያት ነበሩ። አንዲት የሚወዷት የልጅ ልጅ አለቻቸው። ደብዳቤ ትጽፍላቸዋለች። እሳቸው ግን ማንበብ አይችሉም።

እዚህ ላይ ቆም እንበል። ማንበብ የማይችል ሰው ደብዳቤ ሲደርሰው ምን ያደርጋል? የሚያነብለት ሰው ይፈልጋል። ያ ሰው ምሥጢሩን ሁሉ ያውቃል። «ታምሜያለሁ» የሚለውንም፣ «ገንዘብ ቸግሮኛል» የሚለውንም ያውቃል። አንባቢው ከቸኮለ ይዘልላል። ክፉ ወሬ ከሆነ ይደብቃል። የልጁን ናፍቆት በሌላ ሰው ድምፅ መስማት አለበት። ወረቀቱ በእጁ አለ፤ ነገሩ ግን በሌላ ሰው አፍ ነው። ዛሬ በስልክ ለሚመጣ አጭር መልእክትም እንደዚሁ ነው።

አያቱ ብዙ ለፉ። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ነውና፣ ተምረው ምስክር ወረቀታቸውን ተቀበሉ። የልጅ ልጃቸውን ደብዳቤ በራሳቸው ዓይን አነበቡ። እንባቸውም ፈሰሰ።

ይህ ጦርነት የለበትም። ተኩስ የለበትም። አንድ ሽማግሌ ደብዳቤ አነበቡ፤ ይኸው ነው። ሆኖም ያየ ሰው አይረሳውም። ገጸ ባሕርይን የማይረሳ የሚያደርገው የነገሩ ትልቅነት አይደለም። ለዚያ ሰው ምን ያህል ትልቅ መሆኑን ማወቃችን ነው።

ከዚያስ ምን ሆነ? በአንድ ቀን ድራማ ላይ ገጸ ባሕርያቱ መጽሐፍ ወደሚታደልበት ቦታ ሄዱ። ቦታው በሜክሲኮ ከተማ በእውነት ያለ ቦታ ነው። በዝግጅቱ መጨረሻም አንድ የታወቀ ተዋናይ «እናንተም ሂዱና ውሰዱ» አለ። በማግሥቱ 250,000 ያህል ሰው መጣ። መንገዱ ተዘጋ። መኪና ማለፍ አልቻለም። መጽሐፉም አለቀ። በዚያ ዓመት ለትምህርቱ የተመዘገበው ሰው 840,000 ያህል ደረሰ። ይህም ካለፈው ዓመት 9 እጥፍ ማለት ነው።

መጽሐፉ አለቀ የሚለውን ደግመን እናንብበው። ባዶ እጁን የተመለሰ ሰው ነበረ ማለት ነው። ምናልባት ለመውጣት ስንት ዓመት ያመነታ ሰው ይሆናል። ገጸ ባሕርይ ሰውን እስከ በሩ ድረስ ያመጣል። በሩን ከፍቶ መጽሐፍ የሚሰጥ፣ ወንበር የሚያቀርብ፣ «ሀ» ብሎ የሚያስተምር ግን ሕያው ሰው ነው። ያ ከሌለ የድራማው እንባ በከንቱ ይቀራል።

3. ቀጭኔዋ ፀሐይ

ሦስተኛዋ የእኛው አገር ልጅ ናት። ዕድሜዋ 6 ዓመት ነው። አንገቷ ረጅም ነው። ቀጭኔ ናት!

«ፀሐይ መማር ትወዳለች» የተባለው የልጆች ዝግጅት በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን የጀመረው በ2006 ነው። ፀሐይ በእጅ የምትንቀሳቀስ አሻንጉሊት ናት። የፈጠሯት ብሩክታዊት ጥጋቡ የተባለች መምህርትና ባለቤቷ ሼን ኤትዘንሃውዘር ናቸው። ሥራውን የጀመሩት በቤታቸው ውስጥ ነው። ፀሐይን የምትናገረውም ብሩክታዊት ራሷ ናት። ዝግጅቱ በ2008 በጃፓንና በጀርመን አገር ለትምህርትና ለልጆች ዝግጅቶች የሚሰጡ ዓለም አቀፍ ሽልማቶችን አገኘ።

ፀሐይ ሁሉን ታውቃለች እንዳትሉ። አታውቅም። ስለዚህ ትጠይቃለች። እሷ ስትጠይቅ ልጆቹ አብረዋት ያስባሉ። ሁሉን የሚያውቅ ገጸ ባሕርይ ቶሎ ይሰለቻል። የሚጠይቅ ግን ጓደኛ ይሆናል። ሌላም ነገር አለ። ፀሐይ የምትናገረው አማርኛ ነው። ስሟም የሰፈር ልጅ ስም ነው። የሚያያት ልጅ «ይህች የኛ ናት» ይላል።

ምስልም ባይኖር ገጸ ባሕርይ ቤት ይገባል። ከ2002 እስከ 2004 በኢትዮጵያ ሬዲዮ «የቀን ቅኝት» የተባለ ተከታታይ ድራማ በአማርኛ ይተላለፍ ነበር። 257 ክፍሎች ነበሩት። የተሠራው በዚያው በሜክሲኮው በሳቢዶ ዘዴ ነው። የሚያመነቱ ሰዎች ታሪክ ከሜክሲኮ ተነሥቶ እኛ ዘንድ ደረሰ ማለት ነው።

መጠንቀቅም አለብን

ሰው በማየት ይማራል። በጎውን ብቻ ግን አይደለም። በ1961 አልበርት ባንዱራ የተባለ የሥነ ልቦና ሊቅ በአሜሪካ አንድ ሙከራ አደረገ። አንድ አዋቂ ሰው ትልቅ አሻንጉሊት ሲደበድብ ልጆች እንዲያዩ አደረገ። ኋላም ልጆቹ አሻንጉሊቱን ሲያገኙ እንዳዩት ደበደቡት። ስለዚህ ልጆቻችን የሚወዱት ገጸ ባሕርይ ማን እንደሆነ መጠየቅ ይገባል። ክፉም ቢሆን ቆንጆ ልብስ ለብሶ ከመጣ አይረሳም።

ሁለተኛም፣ ድራማ ይቸኩላል። የማሪያ ብዙ ዓመት በጥቂት ክፍል ያልፋል። በእውነተኛው ኑሮ አንድ ፊደል ሳምንት ይፈጃል። ስፌት የተማረ ሁሉም ስሙ አይታወቅም። ይህን ያየ ሰው «እኔ ሰነፍ ነኝ» ብሎ ተስፋ እንዳይቆርጥ። ሰነፍ አይደለም። ኑሮው እውነተኛ ስለሆነ ነው።

ታዲያ ሦስቱን የሚያመሳስላቸው ምንድን ነው? አንድ የጎደላቸው ነገር አለ። ጉድለታቸውን አይደብቁም። ይወድቃሉ፣ ይነሣሉ። እኛም በየቀኑ በዚያው ሰዓት እየጠበቅን አብረናቸው እንሰነብታለን። አብሮ የሰነበተ ሰው ደግሞ አይረሳም።

አዳዲስ ቃላት

ገጸ ባሕርይ፦ በድርሰት ወይም በድራማ ውስጥ ያለ ሰው።
ተዋናይ፦ ገጸ ባሕርይን የሚጫወት ሰው።
ማመንታት፦ ላድርግ አላድርግ እያሉ መወላወል።
ምስክር ወረቀት፦ ትምህርት ለጨረሰ ሰው የሚሰጥ ማስረጃ።

በቡድን ተወያዩ

1. ማሪያ ፊደል ባትማር ኖሮ ታሪኳ ምን ይሆን ነበር?
2. አያቱ ደብዳቤውን ሌላ ሰው ቢያነብላቸው ምን ይቀርባቸው ነበር?
3. መጽሐፍ ሊወስድ መጥቶ ባዶ እጁን የተመለሰውን ሰው ብታገኙት ምን ትሉታላችሁ?
4. እናንተ የምትወዱት ገጸ ባሕርይ ማን ነው? ስሙን በደብተራችሁ ላይ ጻፉ። ከሥሩም «የምወደው... ስለሆነ ነው» ብላችሁ አንድ ዓረፍተ ነገር ጨርሱ። ጽፋችሁ ስትጨርሱ ለጎረቤታችሁ ድምፃችሁን ከፍ አድርጋችሁ አንብቡለት።

በሚቀጥለው ሳምንት በሌላ ጨዋታ እስክንገናኝ፣ ደህና ሰንብቱ።