ከካዛንቺስ የሚመለሰው ልጅና የሚጠብቀው ራት

«ምነው ከሳህ?» ሲባል የሚደነግጥ፣ «ወፈር ብለሃል፣ አማረብህ» ሲባል የሚደሰት ሕዝብ ነን። ስለዚህ ልጅ አድጎ፣ ሥራ ይዞ «ክብደት ልቀንስ ነው» ሲል እናት ይከፋታል፤ አያትም «የእኔን እጅ ናቀው» ብለው ይቀየማሉ። ዛሬ ስለ ልጁ ብቻ ሳይሆን ስለሚጠብቀው ራትም እናውራ።

ካዛንቺስ ስሟን ያገኘችው ጣሊያን በወረራው ዘመን ለመንግሥት ሠራተኞቹ ካሠራቸው ቤቶች፣ ከ«ካዛ ኢንቺስ» ነው። ዛሬም የሠራተኛ መዋያ ናት፤ ቢሮው፣ ሆቴሉ፣ ባንኩ ሞልቷል። ነዋሪው ግን እየራቀ ነው። በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ በኮሪደር ልማቱ ከሰፈሩ ተነስተው ገላን ጉራ የገቡ ቤተሰቦች አሉ። ከከተማው ዳር ተነስቶ ቂርቆስ የሚሠራ ሰው ጎህ ሳይቀድ ይወጣል። ቁርስ የለም። ረፋድ ላይ ስኳር የበዛበት ማኪያቶ በቦምቦሊኖ፣ ምሳ ከባልደረቦች ጋር በአንድ ትሪ፣ ከዚያ የታክሲ ሰልፍ። ማታ ሦስት ሰዓት ላይ የቀኑ ረሃብ ሁሉ አንድ ላይ ይመጣል፤ ከተበላ በኋላ በቀጥታ ወደ አልጋ ነው።

ብዙ ሰው በዚህ ጊዜ የሚከሰው እንጀራን ነው። የጤፍ እንጀራ ፋይበር ያለው፣ የሚያጠግብ ምግብ ነው። ይልቅ ሦስት ነገሮችን እንይ።

የመጀመሪያው ዘይት ነው። አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት 120 ካሎሪ ገደማ አለው። ለአምስት ሰው በሚሠራ ወጥ ላይ አሥር ማንኪያ ከገባ እያንዳንዱ ሰው ከዘይቱ ብቻ 240 ካሎሪ ይደርሰዋል። በግማሽ ብንቀንሰው በቀን 120፣ በወር 3,600 ካሎሪ ከአንድ ሰው ላይ ይቀራል። ሽንኩርቱን በትንሽ ውኃ እያቁላሉ ዘይቱን በማንኪያ መለካት ይቻላል፤ ከጀሪካን ማንቆርቆር ግን ልክ የለውም። «የጾም ምግብ አያወፍርም» የሚባለውም እዚህ ላይ ይፈርሳል። ዘይት የጠጣ ሽሮና ሳምቡሳ የጾም ቢሆኑም ያወፍራሉ። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ቆይቶ የሦስት ጊዜውን ባንዴ መብላትም ጥቅሙን ያጠፋዋል።

ሁለተኛው ስኳር ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ በቀን ከ25 ግራም፣ ማለትም ከስድስት የሻይ ማንኪያ ባይበልጥ ይመረጣል ይላል። አንድ ጠርሙስ ኮካ ብቻ 30 ግራም ያልፋል። ሁለት ማኪያቶና የከሰዓቱ ሻይ ሲጨመሩ ደግሞ አስቡት።

ሦስተኛው መጠን ነው። ከአንድ ትሪ አብሮ መብላት ፍቅር ነው፤ ማን ስንት እንደበላ ግን አይታወቅም። ጉርሻም አለ። «አንድ ያጣላል» ቢባልም አንዱን በፍቅር ተቀብሎ «እግዜር ይስጥልኝ» ማለት ነውር የለውም።

ታዲያ ወላጅ ምን ያድርግ? ከሁሉ በፊት ምሳ ዕቃ ይመለስ። ማታ ሲበሰል የነገው ድርሻ ይነሳለት፦ አንድ እንጀራ፣ ምስር ወይም ክክ፣ ጎመን ወይም ፎሶሊያ በርከት አድርጎ። ለጠዋት የተቀቀለ እንቁላልና ሙዝ፣ በጾም ቀን ቆሎ በቦርሳው ቢያዝ ቦምቦሊኖውን ያስረሳዋል። ማታ ሲመጣ ራቱ ቀለል ይበል፤ በራሱ ሳህን ይቅረብለት። «አልፈልግም» ካለ አንድ ጊዜ እንጂ አምስት ጊዜ አትለምኑት። የምንሳሳለት ልጅ ስኳርና ደም ግፊት ይዞት ሲንገላታ ከማየት ዛሬ ጥቂት እንጀራ ቢተርፍ ይሻላል።

እግርም ሥራ አለው። የጤና ባለሙያዎች በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ ፈጠን ያለ እንቅስቃሴ ይመክራሉ፤ በሥራ ቀናት 30 ደቂቃ ማለት ነው። ካዛንቺስ አሁን ሰፋፊ የእግረኛ መንገድ አላት። አንድ ፌርማታ ቀድሞ ወርዶ መራመድ ገንዘብ አይጠይቅም።

ጥንቃቄም አለው። በሳምንት ከግማሽ እስከ አንድ ኪሎ መቀነስ በቂ ነው። «በአሥር ቀን ቦርጭ ያጠፋል» የሚባል ሻይና ኪኒን ቤታችሁ አይግባ። የስኳር መድኃኒት የሚወስድ ሰው ሐኪሙን ሳያማክር ምግብ አይዝለል። ሳይሞክር የሚከሳ ሰው ካለ ደግሞ ልጅም ይሁን አያት፣ «ተመስገን፣ ቀነሰ» ሳትሉ ሐኪም ዘንድ ውሰዱት።

ልጃችሁ ዛሬ ማታ ሲገባ «ምነው ከሳህ?» ከማለታችሁ በፊት «ምሳ በልተሃል?» በሉት። ካልበላ የነገውን ምሳ ዕቃ አብራችሁ አዘጋጁ።